የማዳም ኩሪ ሕይወትና የራዲየም ጨረር

ኮሶ በልኩ ሲጠጣ የሆድ ትልን ያወጣል፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ጠጪውን ይጥለዋል። ይህን የደጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የካንሰር ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ጨረርም ጠባዩ እንደዚሁ ነው። ይህን ኀይል ለዓለም ካስታወቁት ሊቃውንት አንደኛይቱ ማዳም ማሪ ኩሪ ስለ ሆኑ፣ የሕይወታቸውን ታሪክ ለመጽሔታችን አንባቢዎች በአጭሩ እናቀርባለን። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ማሪ ኩሪ በ1867 ዓ.ም. በፖላንድ አገር በዋርሶ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነበሩ። እናታቸው ግን ልጃቸው ገና ዐሥር ዓመት ሲሆናቸው በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። በዚያን ጊዜ ዋርሶ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረችና ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አይፈቀድላትም ነበር። ስለዚህ ሁለት እኅትማማች ተማከሩ፤ ታናሺቱ ማሪ በሰው ቤት ልጆች እያስተማሩ ለታላቂቱ የፓሪስ ትምህርት ገንዘብ ሊልኩ፣ ታላቂቱም በተራቸው ታናሺቱን ሊረዱ ቃል ተገባቡ። ማሪ ዓመታት ታግሠው በ1891 ዓ.ም. ፓሪስ ገቡ። ከጣሪያ ሥር ባለች ቀዝቃዛ ክፍል እየኖሩ አጠኑ፤ በ1893 ዓ.ም. በፊዚክስ ፈተና አንደኛ ወጡ። በ1895 ዓ.ም. ፒየር ኩሪ የተባሉትን ሊቅ አገቡ።

በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሮንትገን እኛ ራጅ የምንለውን ጨረር አገኙ። ግኝቱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደ ተሠራጨ ለማወቅ፣ በ1896 ዓ.ም. ከአድዋ ዘመቻ ቈስለው የተመለሱ የኢጣልያ ወታደሮች በናፖሊ በራጅ መታየታቸውን ማስታወስ ይበቃል። በዚሁ ዓመት ፈረንሳዊው ቤክሬል ዩራኒየም ከራሱ ጨረር እንደሚያወጣ ተመለከቱ። ማዳም ኩሪም ይህን ሊመረምሩ ተነሡ። በ1898 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። ከዚያም ጣሪያው በሚያፈስ አሮጌ ቤት ውስጥ ብዙ ቶን የማዕድን ዝቃጭ እያፈሉና እያማሰሉ ደክመው፣ በ1902 ዓ.ም. ያጠሩት የራዲየም ጨው የአንድ ግራም ዐሥረኛ እጅ ብቻ ነበር። በ1903 ዓ.ም. ከባለቤታቸውና ከቤክሬል ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

የራዲየም ኀይል በሰው ላይ መጀመሪያ የታየው በቆዳ ነው። ቤክሬል ራዲየም በኪሳቸው ይዘው ገላቸው ተቃጠለ። ፒየር ኩሪም ዐውቀው በክንዳቸው ላይ አስረው ቍስሉን ተከታተሉ። ደኅናውን ቆዳ የሚያቈስል ነገር የታመመውንም ሊያጠፋ ይችላል ተብሎ ታሰበ፤ በ1903 ዓ.ም. በሴንት ፒተርስበርግ የፊት ቆዳ ካንሰር የያዛቸው ሁለት ሰዎች በራዲየም ታከሙ።

አሠራሩን በገብስ መስለን እንየው። ቆሎ ሲያዩት ዘር ይመስላል፤ ቢዘሩት ግን አይበቅልም። ጨረርም በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ የሚባለውን ክር ይበጥሳል። ሕዋሱ ወዲያው ባይሞትም፣ ሊባዛ ሲል ይጠፋል። በ1956 ዓ.ም. ፐክና ማርከስ የተባሉ አሜሪካውያን የካንሰር ሕዋሳትን በሳሕን ላይ ዘርተው፣ በራጅ ከመቱ በኋላ የበቀሉትን በመቍጠር ይህን አሳዩ። የቆዳ ካንሰር ሕዋሳትም በዚሁ ዘዴ ይመረመራሉ፤ ከእነርሱም ሜላኖማ የተባለው ከሌሎቹ ይልቅ ጨረርን ይቋቋማል።

ፒየር ኩሪ በ1906 ዓ.ም. በፓሪስ መንገድ ላይ ጋሪ ገጭቷቸው ሞቱ። ማዳም ኩሪ ሁለት ልጆች ይዘው በባላቸው ወንበር አስተማሩ፤ በ1911 ዓ.ም. ሁለተኛውን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የራጅ መሣሪያ በመኪና ጭነው ከልጃቸው ከኢሬን ጋር ለቍስለኞች ደረሱ። በፓሪስ በተቋቋመው የራዲየም ተቋምም ሐኪሙ ሬጎ ጨረሩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተከፋፍሎ ቢሰጥ ደኅናው ቆዳ እንደሚተርፍ ገለጡ። መድኃኒቱ ልክ ያገኘው በዚህ ነው።

ለሌላው ልክ የተገኘለት ጨረር ግን ለማዳም ኩሪ ልክ አልነበረውም። ራዲየሙን ለብዙ ዓመታት ያለ መከላከያ በእጃቸው ያዙ፤ በ1934 ዓ.ም. በደም ማነስ በሽታ ሞቱ። የጻፉባቸው ደብተሮች ዛሬም ጨረር ስለሚያወጡ በእርሳስ ሣጥን ይጠበቃሉ። ራዲየም የሚጠራበትን ዘዴ ግን ሀብት ሊያገኙበት ሲችሉ ለዓለም በነፃ ሰጥተዋል።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በኋላ በጅማም ተጀመረ። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ተነሥቶ እዚያ ለሚደርስ በሽተኛ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ዘግይቶ ለሚነሣ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ አልሽር ያለ የቆየ ቍስል፣ ወይም በውስጠ እግር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ሲያዩ ወደ ጤና ጣቢያ ፈጥነው ይሂዱ።

እናንተም የትምህርት ቤታችን እኅቶችና ወንድሞች፣ በር የተዘጋባት አንዲት የመምህር ልጅ ይህን ሁሉ ከሠራች፣ በሩ የተከፈተልን እኛ ምን ልንሠራ እንደሚገባን እናስብ።