የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት
ቋንቋ በስደት እንዴት ተጠበቀ?

ከመካከላችን ጠዋት ጠዋት ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ በታክሲና በአውቶቡስ ተጋፍተን ወደ ትምህርታችን የምንመጣ ብዙዎች ነን። በእነዚህ ከተሞች በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቋንቋ መስማት የተለመደ ነው። የቤቱ ባለቤት ኦሮምኛ ትናገራለች፤ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሸማ የሚሠራው ተከራይ ከሚስቱ ጋር በጋሞኛ ያወራል፤ የሁለቱም ልጆች ግን ደጅ ወጥተው ሲጫወቱ በአማርኛ ይጠራራሉ። አያት በአፍ መፍቻዋ ትጠይቃለች፤ የልጅ ልጅ ሁሉን ሰምቶ በሌላ ቋንቋ ይመልሳል። እኛም ከእነዚህ የልጅ ልጆች ወገን ነን። አያታችን በኦሮምኛ ስትቀልድ አብረናት እንስቃለን፤ ተረትና ምሳሌ ስትጥል ግን ትርጕሙ ያመልጠንና ወደ እናታችን ዘወር እንላለን። እናታችን ትተረጕምልናለች። እናታችን በሌለች ጊዜ ማን እንደሚተረጕምልን ግን ጠይቀን አናውቅም።

ከአገሩና ከወገኑ የራቀ ሰው ቋንቋውን በምን ኃይል ይጠብቀዋል? ለዚህ ጥያቄ የኦኔሲሞስ ነሲብን ሕይወት ያህል ግልጽ መልስ የሚሰጥ አላገኘንም። ስማቸው የታወቀው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመመለሳቸው ነው። እኛ ግን ዛሬ ሕይወታቸውን የምናነሣው ስለ ቋንቋው ስንል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በኢሉባቦር፥ ሁሩሙ አጠገብ፥ በ1856 ገደማ አንድ ሕፃን ተወለደ፤ ስሙንም ሂካ አሉት። ስሙ የታሰረን መፍታት ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የመጣ ነው፤ ነገርን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው መተርጐምም በዚያው ቃል ይጠራል። አባቱ የሞተበት ገና በአራት ዓመቱ ግድም ነው። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት፤ ከገበያ ወደ ገበያ፥ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 በዚያ የነበረው የስዊስ ተወላጅ ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰጠው። በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሌላ ልጅ እናስታውስ። ሂካ ከመማረኩ አንድ ዓመት አስቀድሞ፥ በ1868፥ በመቅደላ ጦርነት ማግስት አንድ ትንሽ ልጅ በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ሕንድ ተወሰደ። ይህ ልጅ ኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተባሉት ናቸው። በሕንድ ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ ሕክምናም ተማሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ዘመዶቻቸው ለይተው ዐወቋቸው፤ እርሳቸው ግን አማርኛ አይችሉም ነበር። እንደ ገና ከፊደል ጀምረው ተማሩ፤ በመጨረሻም በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሱ። ሁለቱም በልጅነት ከአገር ወጡ፤ ሁለቱም በባዕድ እጅ አደጉ፤ ሁለቱም ተማሩ። ታዲያ አንደኛው ቋንቋውን ሲያጣ ሁለተኛው እንዴት ጠበቀው?

የመጀመሪያው ምክንያት ዕድሜ ነው። ወርቅነህ ገና ትንሽ ሕፃን ሳለ ተወሰደ፤ ሂካ ግን የ13 ዓመት ያህል ልጅ ነበር። ዳሩ ግን ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፤ በ13 ዓመቱ ወጥቶ በ30 ዓመቱ የእናቱን ቋንቋ የሚጐለድፍ ሰው ብዙ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጓደኛ ነው። በሕንድ የወርቅነህን አማርኛ የሚመልስለት ሰው አልነበረም። በምጽዋ አጠገብ ባለው በእምኩሉ ግን ከባርነት የተፈቱ ኦሮሞዎች ተሰብስበው ይኖሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች አንዱ ለሌላው ወንድምና እኅት፥ ጎረቤትና ባልንጀራ ሆኑ፤ ቋንቋቸውንም በየቀኑ ለሥራና ለጨዋታ ያውሉት ነበር። ከአገሩ የራቀ ቋንቋ ብቻውን በሚያስታውሰው ሰው ልብ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ መልስ የሚሰጠው ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል።

ኦኔሲሞስ ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን አገር በዮሐነሉንድ ተማሩ። ሲመለሱ ሐሳባቸው ሁሉ ወደ ትውልድ አገራቸው መግባት ነበር። በመጀመሪያ በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ መንገዱ አልሆነም፤ በ1882 ወደ እምኩሉ ተመለሱ። በ1884 እንደ ገና ተነሥተው እስከ እንጦጦ ደረሱ። ዐፄ ዮሐንስ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን እንዳይገቡ አዝዘው ስለ ነበር ንጉሥ ምኒልክ አላሳለፏቸውም፤ በ1886 ወደ ባሕር ዳርቻ ተመለሱ። ከእንጦጦ ጋራ ማዶ የሱሉልታ ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ እረኛው ከብቱን በኦሮምኛ ይጠራ ነበር። ኦኔሲሞስ ወደ ቋንቋቸው ደጅ ደርሰው ወደ ውስጥ ሳይዘልቁ ተመለሱ ማለት ነው።

እንግዲህ አገሩ ካልተገኘ መጽሐፉን በስደት ለመሥራት ቆረጡ። ነገር ግን አንድ ችግር ገጠማቸው፤ እርሱም የእኛ የራሳችን ችግር ነው። በልጅነቱ የተወሰደ ሰው የያዘው የልጅ ቋንቋ ነው። ስለ እሳትና ስለ ወተት፥ ስለ ጥጃና ስለ ዝናብ መናገር ይችላል፤ ሽማግሎች ሲፈርዱ፥ ሚዜዎች ሲከራከሩ፥ አልቃሾች ሙሾ ሲያወርዱ የሚነገረውን ቋንቋ ግን ገና አልጠገበውም። ኦኔሲሞስም ቋንቋቸው ለሥራው እንደማይበቃ አውቀው ረዳት ፈለጉ እንጂ በተማሩት ትምህርት ተመክተው ብቻቸውን አልሠሩም።

ከረዳቶቹ ዋነኛዋ አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር በሊሙ እናርያ ንጉሥ ቤት በባርነት ኖረው ወደ ዐረብ አገር በመርከብ ሲወሰዱ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ያዙና ነጻ ወጡ፤ ወደ እምኩሉም ተላኩ። ያን ጊዜ የ14 ዓመት ያህል ልጅ ነበሩ፤ ከአገር የወጡትም በቅርቡ ስለ ሆነ ቋንቋው በአፋቸው ትኩስ ነበር። 15,000 ያህል የኦሮምኛ ቃላት ሰብስበው ለትርጕሙ መሠረት የሚሆን መዝገብ አዘጋጁ፤ 500 የሚያህሉ እንቆቅልሾች፥ ተረቶች፥ ምሳሌዎችና ዘፈኖችም በቃላቸው ካለው አውጥተው ጻፉ። አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። በ1894 ሁለቱ ያዘጋጁት የንባብ መማሪያ ወጣ፤ አስቴር ከጻፏቸው ተረቶች ብዙዎቹ በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ሁሉም የተጻፉት በእኛው ፊደል ነው።

በ1904 ኦኔሲሞስ ወደ ወለጋ ገቡ፤ ከተወሰዱ 35 ዓመት ሆኖ ነበር። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀበሏቸው። በኦሮምኛ አስተማሩ፤ ሰውም የሚሰማውን ስለ ተረዳ ተሰበሰበ። ኦሮምኛ የማይሰሙት የአካባቢው ካህናት ግን ነገሩን አልወደዱትም፤ ተከሰሱና በ1906 አቡነ ማቴዎስ ከአገር እንዲወጡ ፈረዱባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው በነቀምቴ እንዲቀመጡ፥ ነገር ግን እንዳያስተምሩ አዘዙ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቃድ ሰጧቸው። በሰኔ 1931 ነቀምቴ ላይ ዐረፉ። በባዕድ አገር የተጠበቀው ቋንቋ ትልቁ ፈተና ያገኘው በገዛ አገሩ መሆኑ የሚያሳዝን ነው። ከእርሳቸው ሞት በኋላም በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አማርኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገ። ኦሮምኛ በሰፊው የትምህርት ቤት ቋንቋ የሆነው ከ1991 ወዲህ ነው፤ ያውም በላቲን ፊደል። ስለዚህ ዛሬ በሱሉልታ ወይም በሰበታ በአንድ ቤት ውስጥ አያት በግእዝ ፊደል ያነበቡትን ኦሮምኛ የልጅ ልጃቸው በሌላ ፊደል ሲያነብ እናያለን።

የቋንቋ ሊቁ ጆሹዋ ፊሽማን በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ቋንቋ የሚድነው በቤት ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ነው፥ ትምህርት ቤት ብቻውን አያድነውም ይላሉ። የኦኔሲሞስ ሕይወት ይህን ያጸናል፤ ደግሞም ይጨምርበታል። በእምኩሉ ወላጅ አልነበረም፤ ሁሉም ወላጁን የተነጠቀ ነበር። ቤት ያልነበራቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው ቤት ሆኑ፤ ያም በቃ።

እንግዲህ እኛ ማንም ያልሰረቀን፥ አያታችን በሕይወት ያለችልን፥ ምን ሰበብ እናቀርባለን? አፋችን ይኰላተፋል ብለን እናፍራለን፤ ስዊድን ድረስ የተማሩት ሰው ግን የ14 ዓመት ልጅ ሆና ከባርነት ነጻ ከወጣች ረዳት ቋንቋቸውን ለመማር አላፈሩም። በሚመጣው ዕረፍት ደብተርና እርሳስ ይዘን ከአያታችን አጠገብ እንቀመጥ፤ በስሕተትም ቢሆን በቋንቋዋ እንመልስላት። የጋሞው ጎረቤታችን ልጅም ለአባቱ እንዲሁ ቢያደርግ አንሣቅበት። 500 ተረትና ምሳሌ የጻፉት በባሕር ዳርቻ፥ ከእናታቸው ርቀው ነው። እኛ አንዱን ለመጻፍ የሚያስፈልገን ከጓዳ እስከ ምድጃው መሻገር ብቻ ነው።