የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የሕይወት ታሪክ

አንድ የአርሲ ተማሪ አርአያ የሚሆንህን ሰው ጥራ ቢባል አስቀድሞ አፉ ላይ የሚመጣለት የሯጭ ስም ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ ከበቆጂ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ከአሰላ አካባቢ ተነሥተው የአገራችንን ስም ዓለም እንዲሰማው አድርገዋልና። ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ስለ አንድ ታላቅ ሰው ጻፍ በተባልሁ ጊዜ እኔም መጀመሪያ ያሰብሁት ከእነርሱ አንዱን ነበር። ነገር ግን የክፍል አለቃ ስንመርጥ በመካከላችን የተነሣው ክርክር አሳቤን አስለወጠኝ። ክርክሩም አለቃ መሆን የሚገባው ከሁሉ የበለጠ ማርክ ያለው ነው ወይስ ያወቀውን ለጓደኞቹ የሚያካፍለው ነው የሚል ነበር። ስለዚህ ነገር ሳወጣ ሳወርድ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ትዝ አለኝ። እኒህ ሰው የአርሲ ተወላጅ አይደሉም፤ ሆኖም ከአቦምሳ በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የጨርጨር አውራጃ ገዥ ነበሩና ጎረቤታችን ነበሩ ብል የሚቀየመኝ ያለ አይመስለኝም።

ሐኪም ወርቅነህ በጥቅምት ወር 1858 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲወድቁ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃን ሆነው በዚያው አምባ ላይ ነበሩ። በጦርነቱ ግርግር ከዘመዶቻቸው ተለይተው ቢገኙ ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ የጦር መኮንን አንሥቶ ወደ ህንድ ይዟቸው ሄደ። ይህም ሰው ብዙ ሳይቆይ ሞተና ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ያው ጦር ከመቅደላ ሌላም ልጅ ወስዶ ነበር፤ እርሱም የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ልዑሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው በዊንድሶር ነው። ከሁለቱ ልጆች አገሩን ለማየት የበቃው አንዱ ብቻ ነው።

ወርቅነህ በህንድ አገር በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው ገና በወጣትነታቸው ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። ኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ዕውቀታቸውን አሻሻሉ፤ ከዚያም በበርማ አገር በእንግሊዝ መንግሥት ሐኪምነት ሠሩ። ደመወዝም ማዕርግም ነበራቸው። የጎደላቸው ቢኖር አገርና ቋንቋ ነበር፤ አማርኛውን ፈጽመው ረስተውት ነበርና።

በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል ወሬ በዓለም ሲሰማ የትውልድ አገራቸውን የማየት አሳብ በልባቸው በረታ። በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው ከዐፄ ምኒልክ ፊት ቀረቡ፤ ነገር ግን ከንጉሣቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ወሬው በተሰማ ጊዜ አያታቸው መጥተው በልጅነታቸው የነበረባቸውን ጠባሳ አይተው የጠፋው ልጅ እርሱ መሆኑን መሰከሩ። ሠላሳ ዓመት ያህል ጠፍቶ የኖረን ልጅ በጠባሳው የለዩት አያት፣ የልጅ ልጃቸውን ንግግር ግን ሊሰሙት አልቻሉም። ሐኪሙም በከተማው ድንኳን ተክለው የመጣላቸውን በሽተኛ ሁሉ ያክሙ ጀመር።

እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ ለዘለቄታው አልቀሩም። የእንግሊዝ መንግሥት አገልጋይ ነበሩና ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ዳግመኛም መጥተው በእንግሊዝ ለጋሲዮን ሐኪምነት ሠሩ፤ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉንም አግብተው እንደገና ወደ በርማ ሄዱ። ጓዛቸውን ጠቅልለው የገቡት ጡረታ ከወጡ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ነው። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ነውር ይቆጥረው ይሆናል። እኔ ግን ከአቦምሳ ለትምህርት ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለበዓል መጥተው መልሰው ሲሄዱ ስለማይ ነገሩ እንግዳ አይሆንብኝም። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ዐርፎ ጡረታውን ሊበላ በሚችልበት ጊዜ ሥራውን እንደ አዲስ መጀመሩ ግን ያስገርመኛል።

ከዚህ በኋላ የሠሩት ሥራ ብዙ ነው፤ በልዩ ፍርድ ቤት ዳኝነት፣ በፍል ውኃው ልማት፣ በመንገድ ሥራም አገለገሉ። እኛን ተማሪዎችን የሚመለከተን ግን በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። ሐኪም ወርቅነህ የዚህ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ ሆኑ። በዚያን ዘመን ዘመናዊ ትምህርት የሚሰጠው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነበር፤ በአማርኛ የተጻፈ የትምህርት መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። እኒህ በልጅነታቸው ቋንቋቸውን ያጡ፣ ጐልምሰው እንደ ሕፃን ከሀሁ የጀመሩ ሰው የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጅተው ለኢትዮጵያ ልጆች ሰጡ። ባሕሩን ተሻግረው በዓይናቸው ያዩትን ዓለም አገሩን ወጥቶ የማያውቅ ልጅ በገዛ ቋንቋው እንዲያነበው አደረጉ። በክፍላችን የተነሣው ክርክር በእኔ በኩል ያለቀው ይህን ባወቅሁ ጊዜ ነው።

ደግሞም ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቆምላቸው ደከሙ። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ሊነጋገሩ ወደ አሜሪካ በተላኩ ጊዜ የኒው ዮርክ ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሐርለምን ጐብኝተው፣ የተማሩትና ባለሙያዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዟቸው።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። ከእርሳቸው በፊት በዚያ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ዛሬ ጭሮ የምትባለውን የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቆርቁረው የአዲሱን አገዛዝ ሥርዓት ጀምረው ነበርና፣ ሐኪም ወርቅነህ የተጀመረውን አላፈረሱም፤ ቀጠሉት እንጂ። (አዲስ ሹም ሲመጣ የቀድሞው ሥራ ሁሉ እንደሚፈርስ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።) ሹማምንቱ ከገበሬው ጉልበት በመብላት ፈንታ ቁርጥ ደመወዝ እንዲያገኙ፣ ግብሩም በሥርዓት እንዲከፈል አደረጉ፤ መንገድም አስቀደዱ። ለሥራውም ከዘመናዊ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችን ሰበሰቡ። ጨርጨር ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን አውራጃ ይባል የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

የኢጣልያ ወረራ በተቃረበበት በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ሎንዶን ተላኩ። ያሳደጋቸው መንግሥት ባለበት ከተማ፣ እርሱ ባስተማራቸው ቋንቋ፣ ስለ ተወለዱበት አገር ተሟገቱ፤ ለጦሩና ለቁስለኛውም ርዳታ ለመኑ። በእንግሊዝ አገር የምሕንድስና ትምህርት የተማሩት ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ ግን ወደ አገራቸው ገብተው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ወጣቶቹ ልዑል ራስ እምሩን ተከትለው በምዕራብ ኢትዮጵያ ከተዋጉ በኋላ በጠላት እጅ ወደቁ። በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ ፋሽስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ባደረሱት ፍጅት ሁለቱም ተገደሉ። አባታቸው ያን ጊዜ በሎንዶን ነበሩ።

ሐኪም ወርቅነህ ከዚያ በኋላ ባደጉበት በህንድ አገር በስደት ቆይተው፣ ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላ በስተርጅና ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በመስከረም 1945 ዓ.ም. 87 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ዐረፉ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም በእንግሊዝ መዛግብት ውስጥ ቀርቷል፤ በኢትዮጵያ ግን እስከ ዛሬ የሚጠሩት አያታቸው በሚያውቁት ስም ነው።