ሴባስቶፖል እና የጎደለው ምዕራፍ

የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ዘውጉን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ጠጣርና ለስላሳ። ጠጣሩ ፊዚክስና ምህንድስናን አክብሮ ክብደቱን፣ ርዝመቱን፣ ኃይሉን ያሰላል። ለስላሳው መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ብዙም አይጨነቅም፤ ጉዳዩ ሰው፣ ማኅበረሰብና ሥልጣን ነው። ፈረንሳዊው ዡል ቨርን እ.ኤ.አ. በ1865 ወደ ጨረቃ የሚተኩስ ግዙፍ መድፍ በልብ ወለድ ሲያስቀልጥ የብረቱንና የባሩዱን መጠን ሳይቀር ቆጥሯል። እንግሊዛዊው ኤች ጂ ዌልስ በ1901 ስበትን የሚከላከል ነገር ፈጥሮ ጨረቃ ላይ ከወጣ በኋላ ያሳሰበው እዚያ ያገኘው ኅብረተሰብ ነበር።

ይህ ክፍፍል በተነሣ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ ልብ ወለድ ጽፈው የማያውቁት አጼ ቴዎድሮስ ናቸው። ቨርን መድፉን በወረቀት ላይ በሠራባቸው ዓመታት፣ እሳቸው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ እውነተኛውን ያሠሩ ነበር።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወልደው፣ በገዳም ተምረው፣ ሸፍተው፣ የዘመኑን መሳፍንት አንድ በአንድ ድል ነሥተው የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ነገሡ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሲያጣ የእንግሊዝን ቆንስል አሰሩ። ጋፋት የነበሩትን የጀርመንና የስዊስ ሚስዮናውያን ደግሞ መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ከአርብ ገበያ በስተሰሜን ያለውን የጋይንት ደጋና የጅጣን ገደል የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ መንገድ አሠሩ። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ጠጣሩ ሳይንስ በእርግጥ ተሳካ።

ያልተሳካው ለስላሳው ነበር። ወታደሩ በደመወዝ እንዲያድር፣ ዘረፋ እንዲቀር፣ የቤተ ክህነት መሬት እንዲቀነስ መፈለጋቸው ከዘመናቸው የቀደመ ሐሳብ ነው። ነገር ግን እንደ ሕግ ሰው ስመለከተው፣ ሐሳቡን የሚሸከም ፍርድ ቤት፣ ግምጃ ቤትና የሕዝብ ስምምነት አልነበረም። ካህናቱ አኮረፉ፣ አውራጃዎቹ ሸፈቱ፣ ዘረፋን ያወገዙት ንጉሥ ጦር በመጨረሻ በጌምድርን ዘረፈ። የእንግሊዝ ጦር ሲመጣ አብዛኛው አገር ቆሞ ተመለከተ፤ የረዳውም ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

እኛ መድፉን እናወድሳለን፤ የጎደለውን ምዕራፍ ግን አናነብም። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ሳተላይት ስናመጥቅ አጨብጭበናል፤ ባጨበጨብን በዓመቱ ግን እርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበርን። ብረት ማቅለጥና ሮኬት ማስወንጨፍ ከውጭ ባለሙያ ጋር ይቻላል። ተስማምቶ በሕግ ማደርን ግን ማንም መጥቶ አይሠራልንም።