ከጥላ ተነስቶ ውስጥን ያየው ሰው

አንድ ሕመምተኛ ከደባርቅ ተሳፍሮ ጎንደር ሆስፒታል ደረሰ እንበል። የጭንቅላት ሲቲ ስካን ታዘዘለት። ጠረጴዛው ላይ ተኛ፣ ማሽኑ ዙሪያውን ዞረ፣ በቃ አለቀ። ከወራት በኋላ ድጋሚ ተነሳ። አሁን ሐኪሙ ሁለቱን ምስሎች ማስተያየት አለበት። ዕጢው አድጓል ወይስ ሰውየው ዛሬ አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ስለተኛ ነው የተለየ የመሰለው?

ለዚህ ጥያቄ መንገዱን የጠረገው ሐኪም አይደለም። ዮሃን ራዶን የሚባል የሂሳብ ሊቅ ነው።

ራዶን እ.ኤ.አ. በ1887 ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለችው በዴቺን ከተማ ተወለደ። በ1910 ከቪየና ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ እኩዮቹ ዘመቱ፤ እሱን ግን የዓይኑ ድካም ከዘመቻ አስቀረው። ሩቁን አጥርቶ የማያየው ይህ ሰው በ1917 ያሳተመው ጽሑፍ ነው የሰውን ልጅ ውስጥ እንድናይ ያደረገን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራው ራጅ ጥላ ነው። ጨረሩ ያለፈበት አጥንትም ሥጋም አንድ ላይ ተደምሮ ይታያል። ቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ገዝታችሁ ጠቅላላ ሂሳቡን ብቻ ብትነግሩኝ የቡናውን ዋጋ አላውቅም። ብዙ ሰዎች በተለያየ መጠን ገዝተው እያንዳንዳቸው ድምሩን ቢነግሩኝ ግን የሁሉም ዋጋ ቁጭ ይላል። ራዶንም ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፤ ከየአቅጣጫው የተወሰደው ድምር ካለን፣ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ምን እንደሆነ በስሌት ይገኛል።

ታዲያ ማን ሰማው? በጊዜው ኮምፒውተር የለም። ጽሑፉ በሂሳብ ሰዎች እጅ ቀረ። ራዶን ግን ማስተማሩን ቀጠለ፤ ከ1928 ጀምሮ በብሬስላው፣ በ1945 ከጦርነቱ ሸሽቶ ከወጣ በኋላ ደግሞ በቪየና። ቤቱ ግን በሐዘን ተመታ። ከአራት ልጆቹ ሦስቱን ወንዶች ሞት ነጠቀው፤ አንዱን በጨቅላነቱ፣ አንዱን በሕመም፣ አንዱን በሩሲያ ጦር ግንባር። እሱም በግንቦት 1956 አንድም ሲቲ ስካን ሳያይ አረፈ።

የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት አለን ኮርማክ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ የፊዚክስ ሰው ኬፕታውን ሆስፒታል ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ ማሰላሰል ጀምሮ ነበር። የራዶንን ሥራ አያውቀውም። ከባዶ ተነስቶ ለፍቶ መልሱን በ1963 እና በ1964 አሳተመ፤ ቀድሞ የተሠራ መሆኑን የሰማው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1971 የእንግሊዛዊው ሃውንስፊልድ ማሽን ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋን ታካሚ ጭንቅላት አነሳ። ሁለቱ በ1979 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ወደ ደባርቁ ሰው እንመለስ። ስልካችሁ ላይ ሁለት የፋሲል ግንብ ፎቶዎች አሉ እንበል፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው የተንጋደደ። አንዱን በሌላው ላይ ልክ ለማስቀመጥ መግፋትና ማዞር ያስፈልጋል። በስካንም እንዲሁ ነው። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ሸርተት ቢል ጥላውም አብሮ ይሸራተታል። በተነሳበት አግድም ገጽ ላይ ጭንቅላቱን ቢያዞር፣ ያው የድሮው ጥላ በሌላ አቅጣጫ ብቅ ይላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ምስሉ ገና ሳይሠራ፣ ከጥላዎቹ ብቻ ሰውየው ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ አስልቶ ሁለቱን ስካኖች ማገጣጠም ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ልዩነት ከአተኛኘት ይልቅ ከበሽታው የመጣ ሊሆን ይችላል።

የራዶን ስሌት ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ታካሚ ዘንድ እስኪደርስ 54 ዓመት ፈጅቷል። በእነዚያ ዓመታት ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ሳይታወቅለት የሞተውን ሰው ማን ይቆጥረዋል? ዛሬ የ1917ቱን ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ ማግኘት ትችላላችሁ። ኮርማክ ይህ ዕድል አልነበረውም።