ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ፦ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው የአፍሪካ ታሪክ መምህር

በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በአፍሪካ ጥናት ዘርፍ የመጀመሪያውን ሽልማት የሰጠው ለአንድ የሰባ ዓመት ጡረተኛ መምህር ነበር። ተሸላሚው ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1922 እስከ 1959 ድረስ ታሪክ አስተምረዋል። እስከ ሽልማቱ ቀን ድረስ ግን በስማቸው የታተመ መጽሐፍ አልነበራቸውም፤ ተምረው ያገኙት ከፍተኛ ዲግሪም ማስተርስ ነበር። በዚያው ዓመት በሥነ ጥበብ ዘርፍ የተሸለሙትን የአፈወርቅ ተክሌን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። የሃንስቤሪ ስም ግን በአገራችን ከታሪክ ትምህርት ክፍሎች ውጭ እምብዛም አይነሣም። ይህ አጭር ጽሑፍ የሕይወታቸውን ጉዞ ይቃኛል፤ በተለይም አንድ የታሪክ ዘርፍ እንደ ዕውቀት ሳይቆጠር በቆየበት ዘመን ያንን ዘርፍ ማስተማር ምን ዋጋ እንዳስከፈላቸው ለመመርመር ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሃንስቤሪ የተወለዱት የካቲት ወር 1894 በሚሲሲፒ ግዛት፣ ግሎስተር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባታቸው ኤልደን ሄይስ ሃንስቤሪ በዚያው ግዛት በአልኮርን ኮሌጅ ታሪክ ያስተምሩ ነበር፤ ነገር ግን ልጃቸው ሦስት ዓመት ሲሞላው ሞቱ። ለልጁ የተረፈው የአባቱ የመጻሕፍት ስብስብ ነው። ሕፃኑ ስለ ጥንታዊው ዓለም ማንበብ የጀመረው በእነዚህ መጻሕፍት ሲሆን፣ ስለ ግሪክና ስለ ሮም ብዙ የተጻፈውን ያህል ስለ ጥቁር ሕዝቦች የሚያወራ ነገር ማጣቱ ገና በለጋ ዕድሜው ጥያቄ ሆነበት። ታናሽ ወንድማቸው ካርል በኋላ በቺካጎ የታወቀ ነጋዴ ሆነ። ጥቁሮች በነጮች ሰፈር ቤት እንዳይገዙ የሚያግደውን ውል በመቃወም ያደረገው የፍርድ ቤት ክርክርም በ1940 እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሷል። የቲያትር ጸሐፊዋ ሎሬይን ሃንስቤሪ የካርል ልጅ ናት።

የወጣቱን ተማሪ መንገድ የወሰነው አንድ መጽሐፍ ነው። ዱ ቦይስ ስለ ጥቁር ሕዝቦች ታሪክ የጻፉት ሥራ በ1915 ታተመ፤ ሃንስቤሪ በወቅቱ የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። መጽሐፉ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ስለነበሩ ጥንታዊ መንግሥታት ይተርካል። ሃንስቤሪን የሳባቸው ግን ከትረካው ይልቅ በመጨረሻው ገጾች የተዘረዘረው የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ሳይሆን አይቀርም። ዝርዝሩን ይዘው በአትላንታ ቤተ መጻሕፍት ቢፈልጉ አብዛኞቹ አልነበሩም። ስለዚህ በ1917 ወደ ሃርቫርድ ተዛወሩ። ዩኒቨርሲቲ የቀየሩት ለዲግሪው ክብር ሳይሆን መደርደሪያው ላይ ላሉት መጻሕፍት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1921 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

ሃርቫርድ በዚያ ዘመን በዚህ ጉዳይ ላይ የሚታይ ተቃርኖ ነበረበት። የዩኒቨርሲቲው ሰው ጆርጅ ራይዝነር ከቦስተን ሙዚየም ጋር በመሆን በሱዳን፣ በኬርማና በናፓታ አካባቢ ከ1913 ጀምሮ ሰፊ ቁፋሮ ያካሂዱ ነበር። የኩሽ ነገሥታት ፒራሚዶች፣ መቃብሮችና ጽሑፎች አንድ በአንድ ይወጡ ነበር። ራይዝነር ግን ያንን ሥልጣኔ የመሩት ጥቁሮች ሳይሆኑ ከሰሜን የመጡ ሌላ ዘሮች ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ከምድር የወጣው ዕቃ አንድ ሆኖ ሳለ ንባቡ በቆፋሪው እምነት ተመርቷል። ሃንስቤሪ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተከራከሩት በዋናነት ከዚህ ዓይነት ንባብ ጋር ነው። በአሁኑ ጊዜ የሱዳንን አርኪዮሎጂ የሚያጠኑ ባለሙያዎች የራይዝነርን የቁፋሮ መዛግብት እየተጠቀሙ የዘር መላ ምቱን ግን ጥለውታል።

ከምረቃ በኋላ አንድ ዓመት በኒው ኦርሊንስ አስተምረው በ1922 ወደ ሃዋርድ መጡ። በዚያም ሦስት ኮርሶችን ቀረጹ። አንደኛው ከታሪክ በፊት ስለነበሩ ጥቁር ሕዝቦች ባህል፣ ሁለተኛው ስለ ጥንታዊት ኢትዮጵያ ሥልጣኔ፣ ሦስተኛው በመካከለኛው ዘመን ስለ ምዕራብ አፍሪካ መንግሥታት የሚያጠኑ ነበሩ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ተከታታይ ትምህርት መስጠት ያልተለመደ ነገር ነበር። የተማሪው ምላሽ ከተጠበቀው በላይ ሆነ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ኮርሶቹን የተከታተሉት ከ800 በላይ ደረሱ። በ1925 ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው 28 ጥናታዊ ጽሑፎች ያቀረቡበት ሲምፖዚየም ተካሄደ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የምርምር ጽሑፍ በአደባባይ እንዲያቀርቡ ማድረግ ዛሬም በብዙ ተቋማት የሚደፈር አይደለም።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ስኬት ማግሥት ነው። ከሃዋርድ ባልደረቦቻቸው መካከል አንዳንዶቹ ሃንስቤሪ በቂ ማስረጃ የሌለውን ነገር በማስተማር የዩኒቨርሲቲውን ስም አደጋ ላይ ይጥላሉ ሲሉ ለፕሬዚዳንቱ አቤት አሉ። የአስተዳደር ቦርዱም ፕሮግራሙ እንዲዘጋ ወሰነ። ሃንስቤሪ የሚያስተምሩበትን የመረጃ ክምችት አቅርበው ተከራከሩ፤ ውሳኔው ተሻረ። ነገር ግን ፕሮግራሙ የገንዘብ ድጋፍ ተነፈገ፤ እሳቸውም የረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረግና የሥራ ዋስትና ያገኙት በ1938 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከሳሾቹን በቅናት ብቻ መተርጎም ቀላል ነው፤ የብዙዎቹ የሃንስቤሪ አድናቂዎች ንባብም ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። ሃዋርድ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በነጮች ገንዘብ የሚኖርና በነጮች ምሁራን ሚዛን የሚመዘን ተቋም ነበር። በዚያ ሚዛን አፍሪካ ታሪክ አልነበራትም። ስለዚህ ለተቋሙ ክብር የሚጨነቁ፣ ራሳቸው በየሙያቸው የተከበሩ ጥቁር ምሁራን፣ የተቋሙን ክብር የሚጠብቁት ያንኑ ሚዛን በመቀበል ነበር። ሃንስቤሪ ከነጮች አልፎ በወገኖቻቸው ዘንድ የተጠረጠሩት በዚህ ምክንያት ይመስላል። በማስረጃ ረገድም ጥያቄው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አልነበረም። ሃንስቤሪ በብዛት ይመኩ የነበረው በግሪክና በሮማ ጸሐፊዎች ላይ ነው፤ የሆሜርን ግጥም ከሄሮዶቱስ ዘገባ ጋር አንድ ላይ የሚያሰልፉበት ጊዜ ነበር።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ምድር በጠቅላላ ማለታቸው ነበር፤ በተለይም ኩሽን። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግሪክ ሲተረጎም የዕብራይስጡ ኩሽ ኢትዮጵያ ሆነ፤ የግዕዙም ትርጉም ይህንኑ ተከተለ። ሃንስቤሪ ናፓታንና መርዌን፣ ከዚያም አክሱምን፣ በዚህ አንድ ስም ሥር አከታትለው ያስተምሩ ነበር። የኩሽና የአክሱም ታሪክ የሚነካካ ቢሆንም አንድ አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በጽሑፉ በኖባና በካሱ ላይ መዝመቱን ሲናገር ስለ ሌላ አገር ነው የሚናገረው። ያም ሆኖ ሃንስቤሪ ያዋሐዱት ባለማወቅ አልነበረም። ለእሳቸው ዋናው ነጥብ በአባይ ሸለቆና በቀይ ባሕር ዳርቻ የነበረው የጥቁር ሕዝቦች ሥልጣኔ ተከታታይነት ነበር። ዛሬ ሥራዎቻቸውን የሚጠቅስ ተመራማሪ ይህን ለይቶ ማንበብ ይገባዋል።

ከዛሬዪቱ ኢትዮጵያ ጋር የነበራቸው ግንኙነት በመጻሕፍት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ መላኩ በያን በሃዋርድ ሕክምና ይማሩ ነበር። ሃንስቤሪና መላኩ ከሌሎች ጋር ሆነው በ1934 የኢትዮጵያ ጥናት ምክር ቤት የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ዓላማው ስለ ኢትዮጵያ ትክክለኛ መረጃ ማሰራጨትና በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ግንኙነት መፍጠር ነበር። ጊዜው የወልወል ግጭት የደረሰበት ነው፤ በቀጣዩ ዓመት በጥቅምት ወር የፋሺስት ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ያኔ ኢጣልያ በዓለም ፊት ታቀርበው የነበረው ክስ በአብዛኛው የታሪክ ክስ ነበር፤ ኢትዮጵያ የሠለጠነ መንግሥት የምትባል አገር አይደለችም የሚል። ለ13 ዓመታት ማስረጃ የለውም ሲባል የነበረው የሃንስቤሪ ኮርስ በድንገት ተፈላጊ ሆነ፤ የጥቁሮች ጋዜጦችም ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የሚጽፉትን ይሹ ነበር። ዶክተር መላኩ በ1935 ተመርቀው ወደ አገራቸው በመመለስ በጦርነቱ አገለገሉ። ቀጥሎም ንጉሠ ነገሥቱ ወክለዋቸው ወደ አሜሪካ ተመለሱና በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። በ1940 ነጻነቱን ሳያዩ ሞቱ።

ሃንስቤሪ የማስተርስ ዲግሪያቸውን ከሃርቫርድ ያገኙት በ1932 ሲሆን፣ ከ1937 እስከ 1938 ደግሞ በኦክስፎርድ ተምረዋል። ዶክትሬት ለምን አልያዙም ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ ዘርፉን የሚያውቅ አማካሪ አልነበረም የሚል ነው። በ1948 የሃርቫርዱ አንትሮፖሎጂስት ኧርነስት ሁተን በጻፉት የድጋፍ ደብዳቤ ይህንኑ መስክረዋል፤ ሃንስቤሪ በሚያውቁት መስክ ሊመራቸው የሚችል ዩኒቨርሲቲም ምሁርም እንደማያውቁ ገልጸዋል። መልሱ እውነትነት አለው። ሃርቫርድ ለዱ ቦይስ በ1895፣ ለካርተር ዉድሰን በ1912 በታሪክ ዶክትሬት ሰጥቷል፤ ሁለቱም ግን የጻፉት ስለ አሜሪካ ታሪክ ነው። ስለዚህ የተዘጋው በር የቆዳ ቀለም ብቻ ሳይሆን የርእስ ጉዳይም ነበር። የማስተማር ጫናውና የገንዘብ ችግሩም አለ። ይሁንና ከእነዚህ ሁሉ በተጨማሪ ሃንስቤሪ ሥራቸውን ለመልቀቅ የሚቸገሩ ሰው እንደነበሩ መካድ አይቻልም። በ1930 ለኢትዮጵያ ታሪክ ጥናት ስለሚጠቅሙ ምንጮች አንድ ጽሑፍ አሳትመዋል፤ ከዚያ በኋላ የታተመው ጥቂት ነው። ብዙ ቅጽ ሊሆን ያቀዱት ታላቅ ሥራ በማስታወሻ ደብተር ላይ ቀረ። ማስረጃ የለህም ተብሎ የተከሰሰ ሰው ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ፍለጋ ቢዘገይ የሚገርም አይደለም። ውጤቱ ግን ከሳሾቹን የሚረዳ ሆነ፤ ያልታተመ ነገር አይጠቀስምና።

የመዘግየቱ ዋጋ በ1950ዎቹ ታየ። የአፍሪካ ጥናት በአሜሪካ በድንገት ገንዘብ የሚፈስበት ዘርፍ ሆነ። በ1948 ሜልቪል ሄርስኮቪትስ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ከፍተው ነበር፤ በቀጣዮቹ ዓመታት የፎርድ ድርጅት ለሌሎች ተቋማት ለገሠ። ሃዋርድም በዚሁ ገንዘብ የአፍሪካ ጥናት ፕሮግራም ሲያቋቁም አመራሩ ለሃንስቤሪ አልተሰጠም። በዚያ ግቢ ዘርፉን ከሠላሳ ዓመት በፊት የጀመሩት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው በዚያ ጊዜ በፉልብራይት ድጋፍ ካይሮ ነበሩ፤ ከ1953 እስከ 1954 በግብፅ፣ በሱዳንና በኢትዮጵያ ተዘዋውረው ለሠላሳ ዓመታት ያስተማሩበትን ምድር ተመለከቱ። ስልሳ ዓመታቸው ነበር።

እንደ መምህር የተዉት አሻራ ግን ሌላ ነው። በሃዋርድ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች አማካሪ ሆነው ለዓመታት አገልግለዋል፤ ከክፍያ ችግር እስከ መኖሪያ ፈቃድ ድረስ ጉዳያቸውን ይከታተሉ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ናምዲ አዚክዌ፣ በኋላ የናይጄሪያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት፣ መምህራቸውን አልረሱም። በ1963 በንሱካ በሚገኘው የናይጄሪያ ዩኒቨርሲቲ የሃንስቤሪ የአፍሪካ ጥናት ተቋም ተከፈተ። ሃንስቤሪም በስማቸው በተሰየመው ተቋም የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። በቀጣዩ ዓመት የአዲስ አበባው ሽልማት ተከተለ። በአገራቸው ሳይሆን በንሱካና በአዲስ አበባ መከበራቸው ብዙ ጊዜ እንደ ምፀት ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ያኔ ሁለቱም መንግሥታት የራሳቸውን ታሪክ የሚያስጽፉበት ጊዜ ነበርና ከሌሎች ቀድመው ዋጋውን ማወቃቸው የሚጠበቅ ነው።

ሃንስቤሪ በኅዳር ወር መጀመሪያ 1965 ቺካጎ ዘመዶቻቸውን ሊጠይቁ በሄዱበት ሞቱ። የወንድማቸው ልጅ ሎሬይን በዚያው ዓመት በጥር ወር በ34 ዓመቷ ሞታ ነበር። በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመት ካሳተሟቸው ጽሑፎች አንዱ ዱ ቦይስ በአፍሪካ ታሪክ ጥናት ላይ ስለነበራቸው ተጽዕኖ የሚያወሳ ነው።

ማስታወሻዎቻቸውን አርትዖ ለኅትመት ያበቃው የሃዋርዱ የታሪክ ምሁር ጆሴፍ ሃሪስ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ በ1974 የወጣ ሲሆን ስለ ንግሥተ ሳባ ትውፊት፣ ስለ ክርስትና ወደ ኢትዮጵያ መግባትና በመካከለኛው ዘመን አገሪቱ ከውጭው ዓለም ጋር ስለነበራት ግንኙነት ይዘረዝራል። በዚያው ዓመት ሽልማቱን የሰጠው መንግሥት ከሥልጣን ወረደ። ሁለተኛው፣ የግሪክና የሮማ ጸሐፊዎች ስለ አፍሪካ የጻፉትን የሚመለከተው ቅጽ፣ በ1977 ታተመ፤ ኮርሱ በሃዋርድ ከተጀመረ ከ55 ዓመት በኋላ።