የደም ሥር መስፋትን ለዓለም ያስተማረው ሐኪም፤ አሌክሲስ ካሬል

በተወለደ በጥቂት ቀኑ የሌላ ሕፃን ልብ የሚተከልለት ልጅ መኖሩን የተከበራችሁ አንባቢያን ሳትሰሙ አትቀሩም። የአራስ ልጅ ልብ ከራሱ ከልጁ ጭብጥ ብዙም አይበልጥም፤ የደም ሥሮቹም እጅግ ቀጫጭን ናቸው። እኔን ያስገረመኝ ግን ልቡ መውጣቱና መግባቱ ሳይሆን እነዚያ ሥሮች ደም ሳያፈስሱና ሳይደፈኑ እንዴት ሊሰፉ ቻሉ የሚለው ነገር ነው። ይህንን ስመረምር ያገኘሁት ሰው አሌክሲስ ካሬል ይባላል። በታሪኩ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ካሬል በ1873 ዓ.ም. በፈረንሣይ አገር፣ የሐር ሥራ በገነነባት በሊዮን ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት ያሳደገችው እናቱ ናት። የሕክምና ተማሪ ሳለ በ1894 ዓ.ም. የፈረንሣይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ለጉብኝት ወደ ሊዮን መጡ፤ በዚያም አንድ ነፍሰ ገዳይ በጩቤ ወጋቸው። ጩቤው ወደ ጉበት የሚገባውን ታላቅ የደም ሥር ቆርጦት ነበርና፣ እንዲህ ያለውን ሥር መልሶ የሚሰፋ አስተማማኝ ጥበብ ገና ስላልተገኘ ሐኪሞቹ ሊያድኗቸው ሳይችሉ ቀሩ። ካሬል በዚያን ጊዜ ሀያ አንድ ዓመት ሊሞላው የጥቂት ቀን ዕድሜ ቀርቶት ነበር፤ እኔን የሚበልጠኝ በሦስት ዓመት ያህል ነው ማለት ነው። ሥሩ ሊሰፋ ይገባው ነበር ብሎ በድፍረት ተናገረ።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኛል። ወደ አንዲት የጥልፍ ባለሙያ ሴት ዘንድ ሄዶ የመርፌ አያያዝ ተማረ። (እናቶቻችን፣ ጥልፍን የሚንቅ ልጅ ካላችሁ ይህን ንገሩት።) በ1902 ዓ.ም. ያሳተመው ዘዴም የሚከተለው ነው፤ የሁለቱን ሥሮች ጫፍ ካገጣጠመ በኋላ እኩል በተራራቁ ሦስት ቦታዎች ላይ በክር ይይዛቸዋል። ሦስቱ ክሮች ሲሳቡ ክቡ አፍ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ቀጥ ያለውን ጎን መስፋት እንደ ጨርቅ ጠርዝ ይቀልላል። ደሙ እንዳይረጋ መርፌውንና የሐሩን ክር ቫዝሊን ይቀባቸው ነበር።

በ1904 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በቺካጎ ከቻርልስ ጋትሪ ጋር ሆኖ የትንሽ ውሻ ልብ በትልቅ ውሻ አንገት ላይ ተከለ፤ ያም ልብ ሁለት ሰዓት ያህል መታ። በ1907 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ የአንድ ሳምንት ዕድሜ ያላት የድመት ግልገል ልብና ሳንባ በአንድነት ወጥቶ በትልቅ ድመት አንገት ላይ መተከሉን ይገልጻል። ልቡ መምታት ጀመረ፣ ሳንባውም ቀላ፤ በኋላ ግን ውሃ ቋጥሮ አበጠ።

በ1908 ዓ.ም. በኒውዮርክ አንዲት አራስ ሕፃን ደም እየፈሰሳት ልትሞት ተቃረበች። የተለገሰ ደም የሚቀመጥበት ባንክ በዚያ ዘመን አልነበረም። ካሬል የአባትዋን የክንድ ደም ቅዳ ከሕፃኒቱ የእግር ደም መልስ ጋር ሰፍቶ አገናኘው። የአባቷ ደም በቀጥታ ገባላት፤ ነጥቶ የነበረው ገላዋ ቀላ፤ ሕፃኒቱም ዳነች። ይህን ያህል የቀጠነ ሥር በመርፌ መያዝ ምን ዓይነት እጅ ይጠይቅ ይሆን?

በ1912 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ሆኖም አንድ እንቆቅልሽ ሳይፈታ ቀርቶበታል። የእንስሳውን ኩላሊት አውጥቶ በዚያው እንስሳ ላይ መልሶ ሲተክል ይሠራለታል፤ ከሌላ እንስሳ ሲያመጣ ግን ስፌቱ ምንም ያህል ቢያምር ኩላሊቱ ይበላሻል። ሰውነት ባዕድ የሆነውን አካል እንደሚዋጋ የታወቀው፣ መድኃኒቱም የተገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1967 ዓ.ም. በብሩክሊን ሦስት ሳምንት ያልሞላው ሕፃን ልብ ተተክሎለት የኖረው ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። በ1968 ዓ.ም. በሂውስተን ልብና ሳንባ የተተከለላት የሁለት ወር ልጅም ዐሥራ አራት ሰዓት ብቻ ቆየች። በ1985 ዓ.ም. ግን በካሊፎርኒያ፣ በሎማ ሊንዳ፣ በተወለደ በአራተኛ ቀኑ ልብ የተተከለለት ሕፃን ዳነ።

ስለ ካሬል ስጽፍ ይህን ብቻ ጽፌ ባቆም እውነቱን መሸሸግ ይሆንብኛል። በ1935 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ የሰው ዘር እየተመረጠ መራባት እንዳለበት አስተማረ፤ ከዚያም አልፎ አንዳንድ ወንጀለኞችና ወንጀል የሠሩ የአእምሮ ሕሙማን በጋዝ እንዲገደሉ ሐሳብ አቀረበ። ጀርመኖች ፈረንሣይን በያዙበት ጊዜ በ1941 ዓ.ም. በቪሺ መንግሥት ድጋፍ የምርምር ተቋም አቋቋመ። በዘመኑ ብዙ ሊቃውንት እንደዚሁ ያስቡ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ይህ ምክንያት አይዋጥልኝም። አንዲትን ደካማ አራስ ለማዳን ያን ያህል የደከመ ሰው፣ ሌላውን ደካማ ሊኖር አይገባውም ብሎ ሲፈርድ ከማንም ይልቅ እርሱ ሊያፍር ይገባው ነበር።

ፈረንሣይ ነፃ በወጣች ጊዜ ከጠላት ጋር ተባብሯል ተብሎ ተከሰሰ፤ ነገር ግን ለፍርድ ሳይቀርብ በኅዳር 1944 ዓ.ም. በፓሪስ ሞተ። በ1990ዎቹ በርካታ የፈረንሣይ ከተሞች ስሙን ከመንገዶቻቸው ላይ አነሡ። በስሙ ይጠራ የነበረው የሊዮን የሕክምና ትምህርት ቤትም በ1996 ዓ.ም. ስሙን ለውጦ፣ የልብና የሳንባን ድምፅ ማዳመጫ መሣሪያ በፈለሰፈው በላኤኔክ ስም ተሰየመ።