ሳም ዋልተን፤ አንድ ጊዜ ሱቁን ያጣው ነጋዴ

በዴንቨርና በአውሮራ ታክሲ ስነዳ ወደ ዋል-ማርት ወይም ወደ ታርጌት ያላደረስኩት የአገሬ ልጅ ጥቂት ነው። ሁላችንም እንገበይባቸዋለን፤ የሚሠሩባቸውም አሉን። ሆኖም በርካሽ ከሚሸጡት መካከል አንዱ ሲከብር ሌላው ለምን እንደሚከስር ብዙ ጊዜ አናስተውልም። ማኅበራችን 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ሱቅ ላላቸውና ለመክፈት ለሚያስቡ ወገኖቼ የአንድ ነጋዴን ሕይወት ባጭሩ ላቅርብ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳም ዋልተን በ1918 በኦክላሆማ ስቴት፣ ኪንግፊሸር በተባለች ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ወተትና ጋዜጣ እያዞረ በመሸጥ ቤተሰቡን ረዳ። በ1940 ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመረቀ። ከውትድርና ሲመለስ፣ በ1945፣ ከአማቱ 20,000 ዶላር ተበድሮ የራሱን 5,000 ጨመረና በአርካንሶ ስቴት፣ በኒውፖርት ከተማ አንድ አነስተኛ መደብር ገዛ።

እዚያም አንድ ሒሳብ ተማረ። በ80 ሳንቲም የተገዛ ዕቃ በ1 ዶላር ከ20 ሲሸጥ ትርፉ 40 ሳንቲም ነው። በ1 ዶላር ቢሸጥ ትርፉ ወደ 20 ሳንቲም ይወርዳል፤ ነገር ግን ሦስት እጥፍ ስለሚሸጥ በጠቅላላው 60 ሳንቲም ይገኛል።

ሱቁ በአምስት ዓመት ውስጥ ደመቀ። ችግሩ የኪራይ ውሉ ላይ ነበር፤ ዘመኑ ሲያበቃ የማሳደስ መብት የሚሰጥ አንቀጽ አልነበረውም። የቤቱ ባለቤት መደብሩን ለልጁ ስለፈለገው ውሉን አላድስም አለ። ዋልተን ልጆቹን ይዞ ከከተማው ወጣ። በ1950 በቤንተንቪል እንደገና ሲጀምር ግን ለ99 ዓመት የሚጸና ውል ጠየቀ።

በ1962 ዋል-ማርት፣ ኬ-ማርት፣ ታርጌትና ዉልኮ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከፈቱ። አራቱም በርካሽ ይሸጡ ነበር፤ ዕድላቸው ግን ተለያየ። ዉልኮ ከሃያ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ተዘጋ። ኬ-ማርት በመደብር ብዛት ለረጅም ጊዜ ቢመራም፣ ገንዘቡን በመጻሕፍት፣ በስፖርት ዕቃና በሌሎች ንግዶች በተነ፤ በዕቃ ማመላለሻና በኮምፒዩተርም ወደ ኋላ ቀረ። በ2002 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ታርጌት ለዕቃው ማማር በመጨነቅ የራሱን ደንበኛ አገኘ። በ1966 ከሚኒሶታ ውጭ መጀመሪያ የከፈተውም እዚሁ ዴንቨር አካባቢ ነበር።

ዋልተን ሌሎች የናቋቸውን ትንንሽ ከተሞች መረጠ። መደብሮቹን ካንድ ግምጃ ቤት የጭነት መኪና በአንድ ቀን በሚደርስባቸው ቦታዎች ተከለ። የትኛው ዕቃ እንደተሸጠ በኮምፒዩተር ተከታተለ፤ ወጪ ቀነሰ። ከበለጸገም በኋላ አሮጌ ፎርድ ፒክ-አፕ ይነዳ ነበር። ርካሽ ዋጋ የሚጸናው ወጪው ሲያንስ መሆኑን ሌሎቹ ዘግይተው ተረዱት።

ሆኖም ዝናው ነቀፌታ አላጣውም። በሄደበት ብዙ ትንንሽ ሱቆች ተዘግተዋል፤ በዝቅተኛ ደመወዝም ተወቅሷል። እርሱ ግን በ1992 በ74 ዓመቱ ሲያርፍ ድርጅቱ በችርቻሮ ንግድ ከአሜሪካ አንደኛ ነበር።

ከታክሲዬ የኋላ ወንበር፣ ውል ሳያነቡ ፈርመው የልፋታቸውን ሱቅ ያጡ ወገኖችን ሰምቻለሁ። ዋልተንን የሚያክል ሰው ከተሳሳተ እኛም ልንሳሳት እንችላለን። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት የሚያውቅ ሰው እናስነብብ፤ የማሳደስ መብት የሚለውን አንቀጽ እንፈልግ።

መልካም በዓል!